«አልነሳ አለኝ» ከማለት በፊት፦ ሞተር የማይነሳበትን ምክንያት በጆሮ መለየት

የታኅሣሥ ማለዳ ነበር፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ከጎረቤት ግቢ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥታ። እንደገና «ጧ!»፣ እንደገና ጸጥታ። ትንሽ ቆይቶ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ።

«ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ስለቀሰቀስኩህ ይቅር በለኝ። ይቺ መኪና ዛሬም አልነሳ አለችኝ። ባትሪው ሞቷል መሰለኝ።»

«እትዬ፣ ባትሪው የተቀየረው ባለፈው ወር አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ! በሰኔም ቀይሬ ነበር።»

በስድስት ወር ውስጥ ሁለት አዲስ ባትሪ ማለት ነው። እኚህ ሴት እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያከፋፍሉ ናቸው፤ ቪትዟ የምትጭነው እንጀራ ነው፤ ቤተሰቡም የሚኖረው በእርሱ ነው። ለባትሪ የወጣው ገንዘብ የስንት ሌሊት እሳት ዳር መቆም እንደሆነ ሳስበው አንጀቴ አረረ። እኔ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ፤ የሰው ገንዘብ ከሁሉ በላይ ሲባክን ያየሁት በዚሁ ጉዳይ ነው። መኪና አልነሳ ሲል ሰው ወዲያው የሚቀየር ዕቃ ይፈልጋል። መኪናው ግን በድምፁ ሕመሙን ነግሮ ጨርሷል፤ የጎደለው አዳማጭ ነው።

ሁሉን የሚከፍተው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? «አልነሳ አለኝ» የሚለው አነጋገር ሁለት የማይገናኙ ችግሮችን በአንድ ይጠቀልላል። ሞተሩ ጭራሽ ካልዞረ ችግሩ ያለው ባትሪው፣ ወፋፍራሞቹ ገመዶችና ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) አካባቢ ነው። እየዞረ በራሱ ጉልበት መሥራት ካልጀመረ ግን ባትሪውም ሞተሪኖውም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ መፈለግ ያለበት በነዳጅ፣ በእሳት ወይም በአየር በኩል ነው። የሚዞር ሞተር ይዞ ባትሪ መግዛት፣ የማይዞር ሞተር ይዞ ካንዴላ (ለቤንዚኑ እሳት የሚሰጠውን ዕቃ) መቀየር፣ ጥርሱን ለታመመ ሰው የሆድ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ቁልፍ ሲጠመዘዝ ምን ይሆናል?

ሞተር በራሱ መነሳት አይችልም። ቤንዚንና አየር ወደ ሲሊንደሩ እንዲገቡ፣ እንዲታመቁና እሳት እንዲያገኙ መጀመሪያ አንድ ሌላ ጉልበት ሊያዞረው ይገባል። ድሮ ይህን የሚሠራው የሰው ክንድ ነበር። ማኖቬላ የሚባለውን ብረት ከፊት አስገብቶ ማዞር፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታም እጅ መሰበር የተለመደ ነበር። ከዚህ ጣጣ የገላገለን አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው፤ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪኖች ላይ የተገጠመው በ1912 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። ኬተሪንግ ቀደም ሲል የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገ ሰው ስለነበር አንድ ነገር ገብቶታል፦ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ሞተር ከአቅሙ በላይ ቢጫንበትም ይችላል፤ ስለዚህ ትንሽ ሊሆን ይችላል። የዛሬው ሞተሪኖ በዚያው ሐሳብ የሚሠራ ነው። ሳያቋርጡ ከ10 ሰከንድ በላይ ማዞር የማይገባውም ለዚህ ነው። ትንሹ ሞተር ለረጅም ሥራ አልተፈጠረም፤ ይግላል፣ ይቃጠላል። አንድ ጊዜ ሞክሮ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ማሳረፍ ለባትሪውም ለእርሱም ይጠቅማል።

ስሙም ራሱ ይናገራል። ሞተሪኖ በጣሊያንኛ «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው፤ ካንዴላ «ሻማ» ነው፣ ፍሪሲዮንም ኮፈንም ከዚያው ናቸው።

ቁልፉ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀጭን ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ጀርባ ትልካለች። እዚያ ያለው ሶሌኖይድ የሚባል ክፍል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ ትንሿን ጥርሳም መዘውር ገፍቶ ከሞተሩ ትልቅ ጥርሳም ክብ ጋር ያጋጥማል፤ ወፍራም የመዳብ መገናኛም ያገናኛል። «ጧ» የምትለዋ ድምፅ የእርሱ ናት። መገናኛው ሲገናኝ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሮጠው ኤሌክትሪክ ለትንሽ የቤንዚን መኪና ከ100 እስከ 200 አምፔር ይደርሳል። ይህን ቁጥር ልብ ይበሉ፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች ተደምረው የሚወስዱት 10 አምፔር ያህል ብቻ ነው። «መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሬዲዮውም ይናገራል፤ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው» የሚለው ክርክር የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። መብራት ለማብራት የበቃ ባትሪ ሞተሪኖ ለማዞር ላይበቃ ይችላል።

የማይዞር ሞተር ሦስት ድምፆች

መጀመሪያ ማርሹ ነጻ መሆኑን፣ የእጅ ፍሬኑ መያዙን ያረጋግጡ። ከዚያ የፊት መብራቱን ያብሩና ቁልፉን ያዙሩ፤ ጆሮዎ ድምፁ ላይ፣ ዓይንዎ መብራቱ ላይ ይሁን።

«ጠ-ጠ-ጠ-ጠ-ጠ» የሚል ፈጣን መንጣጣት ከሰሙና መብራቱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጠፋ ባትሪው ደክሟል፤ አለዚያም ገመዱ በደንብ አልያዘም። ሶሌኖይዱ ይስባል፣ ከባዱ ጭነት ሲመጣ የባትሪው ጉልበት ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል። መንጣጣቱ ይህ ነው።

አንድ ጠንካራ «ጧ» ብቻ ከሰሙና መብራቱ እምብዛም ካልደበዘዘ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ወይም ወደ ገመዶቹ ይሄዳል። በሞተሪኖው ውስጥ ያሉት ካርቦኖች ሲያልቁ ወይም የመዳብ መገናኛው ሲቃጠል ድምፁ ይህ ነው። አንድ ሰው ሞተሪኖውን በእንጨት ቀስ አድርጎ ሲያንኳኳ ሌላው ቁልፍ ቢያዞር አንዳንድ ጊዜ ይነሳል። የተጣበቀው ካርቦን ለጊዜው ስለሚላቀቅ ነው፤ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ይረዳል እንጂ ጥገና አይደለም።

ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ትዕዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» (ማቆሚያው) ላይ ይነሳ እንደሆነ፣ ካልሆነም «ኤን» (ነጻው) ላይ ይሞክሩ፤ ማርሹ የት እንዳለ የሚያውቀው ማብሪያ ሲያረጅ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ይክዳል። በአንዳንድ መኪኖች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ፣ በአዝራር በሚነሱት ደግሞ ፍሬን ካልተረገጠ ሞተሩ አይዞርም። የፍሬን መብራት ማብሪያው ተበላሽቶ መኪና የቆመባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከኋላ የፍሬን መብራት የማይበራ ከሆነ መነሻው ያ ሊሆን ይችላል። ፊውዝና ሪሌም (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራው ማብሪያ) እዚህ መዝገብ ውስጥ ናቸው።

ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ በላይ የሚታማው እርሱ ነውና። የመኪና ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲሞላ ከ2.1 ቮልት ትንሽ ይዘላል። ስለዚህ ሙሉ ባትሪ ሌሊቱን አርፎ ጠዋት ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ ነው የቀረው፤ 12.0 ካሳየ ተዳክሟል። ነገር ግን የቆመ ባትሪ ቮልት ብቻውን ያታልላል። እውነተኛው ፈተና ሞተሪኖው ሲሠራ የሚታየው ቁጥር ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ወይ አልሞላም ወይ አርጅቷል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ ዲናሞው እየሞላው አይደለም፤ ያን ጊዜ አዲስ ባትሪ መግዛት ቀዳዳ ባልዲ ውስጥ ውኃ መጨመር ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚነግርዎት ቴስተር የሚባለው የቮልት መለኪያ ዋጋው ከባትሪ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ መኪና ያለው ሰው ሁሉ በመኪናው ኪስ ውስጥ ቢኖረው እወዳለሁ።

ብርድም ድርሻ አለው። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የባትሪውን ኬሚካላዊ ሥራ ያዘገየዋል፤ የሞተር ዘይቱንም ያወፍረዋል። ሰጪው ሲደክም ጭነቱ ይከብዳል። በበጋ ቀትር ላይ ሲንገታገት የከረመ ባትሪ በብርዱ ማለዳ ራሱን የሚያጋልጠው ለዚህ ነው።

እትዬ ግቢ የተገኘው ነገር

ወደ ጎረቤቴ ግቢ ልመለስ። በስልክ መብራት ኮፈኑን ከፈትን። ባትሪው አዲስ ነው፣ ሞርሴቶዎቹ (ገመዶቹን ከባትሪው ምሰሶዎች ጋር የሚያስሩት ማያያዣዎች) ንጹሕ ናቸው፣ በእጅ ቢወዘወዙ አይነቃነቁም። ቴስተሩን በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች ላይ አደረግሁ፤ 12.6። «ያዙሩት እትዬ» አልኳቸው። «ጧ!» አለ፤ ቁጥሩ ግን 11.9 ላይ ቆመ። ባትሪው አልደከመም ማለት ነው። የደከመ ቢሆን ቁጥሩ ወደ ስምንትና ሰባት ይዘቅጥ ነበር።

ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በራሱ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አደረግሁና እንደገና እንዲያዞሩ ነገርኳቸው። እነዚህ ሁለት ነጥቦች በወፍራም ገመድ የተገናኙ ስለሆኑ በመካከላቸው ሊታይ የሚገባው ቁጥር ለዜሮ የቀረበ ነው፤ ከግማሽ ቮልት ካለፈ መንገዱ ታሟል። ቴስተሩ ያሳየው 5.2 ነበር።

ይህ ምን ማለት ነው? ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሞተሪኖው ውስጥ ሠርቶ፣ በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ኔጋቲቭ መመለስ አለበት። ከ12 ቮልቱ ውስጥ 5 የሚሆነው በመመለሻው መንገድ ላይ እየቀረ፣ ለሞተሪኖው የሚተርፈው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 100 አምፔር ሲያልፍ 0.05 ኦም የምታህል ተቃውሞ 5 ቮልት ትበላለች። እንዲህ ያለች ትንሽ ተቃውሞ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሳለ ገመዱ ተለክቶ አትገኝም፤ ተራ ቴስተር «ተገናኝቷል» ብሎ ይጮኻል። ጉዱ የሚታየው ከባዱ ጭነት ሲያልፍ ብቻ ነው።

ገመዱን ተከትዬ ወረድኩ። ከካምቢዮው ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ላልቶ፣ ከሥሩ ዝገትና የዘይት ጭቃ ተኝቶበታል። ፈታሁት፤ የገመዱን ጫፍም የብረቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግሁ፤ መልሼ አጠበቅሁት። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። እትዬ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ግማሽ ዙር እንኳ ሳያንገራግር ተነሳ። የቀድሞዎቹ ባትሪዎች የት እንዳሉ ጠየቅኳቸው። ለቆራሊዮ ሸጠዋቸው ነበር።

ሁሉም ታሪክ እንዲህ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው በእርግጥ ያረጀ ነው። ግን ሞርሴቶና ገመድ ሳይታይ የሚገዛ ባትሪ ዕጣ እንደ መሳብ ነው። ሞርሴቶው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከተከመረ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፈትተው፣ ለብ ባለ ውኃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው በብሩሽ ያጽዱት፤ ሲመልሱ ኔጋቲቩ የመጨረሻው ይሁን። ዱቄቱ አሲድ አለበትና ዓይንዎንና ልብስዎን ይጠብቁ።

ከሌላ መኪና ባትሪ ሲያስነሱ

ባትሪው በእርግጥ ከደከመ ከሌላ መኪና በኬብል ማስነሳት ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንደ ዘበት የሚታይ አይደለም። ቀዩ ኬብል መጀመሪያ ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ ከጤነኛው ፖዘቲቭ። ጥቁሩ ከጤነኛው ኔጋቲቭ፣ የመጨረሻው ጫፍ ግን በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን በዚያው መኪና ሞተር ላይ ከባትሪው ራቅ ባለ ያልተቀባ ብረት ላይ። የመጨረሻዋ ንክኪ ብልጭታ ታወጣለች፤ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ይተነፍሳል። ባትሪ ፊት ላይ ሲፈነዳ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። መፍቻው የዚሁ ተቃራኒ ነው።

ገፍቶ ማስነሳት የሚቻለው ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ ብቻ ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ መልቀቅ። አውቶማቲክ ካምቢዮ በመግፋት አይነሳም፤ የሰፈር ልጆች በከንቱ አይድከሙ። ኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያለው መኪናም ባትሪው ጨርሶ ባዶ ከሆነ ቢገፋም አይነሳም፤ ካንዴላውም ፓምፑም የሚሠሩበት የላቸውም።

ይዞራል፣ ግን አይነሳም

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሻገር። ሞተሪኖው በብርታት ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አልያዘም። እዚህ ላይ ማዞሩን መደጋገም ባትሪ ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም።

መጀመሪያ ነዳጅ። ቁልፉን ሞተሪኖው ከመዞሩ በፊት ያለው ደረጃ ላይ ያቁሙና ጆሮዎን ወደ ኋላ ወንበር ያስጠጉ። በኢንጀክተር የሚሠሩ (ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚረጭባቸው) አብዛኞቹ መኪኖች ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያህል ያሠሩታል፤ «ዝዝዝ» የሚል ለስላሳ ድምፅ ይሰማል። ከሌለ የፓምፑ ፊውዝ፣ ሪሌው ወይም ፓምፑ ራሱ ነው። በተለይ ነዳጅ እየጠፋ በሰልፍ በሚገኝበት ወቅት ይህ ሕመም ይበዛል፤ ምክንያትም አለው። ፓምፑ በታንከሩ ውስጥ የተቀመጠ ሲሆን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ራሱ ነው። ቀይ መብራት በርቶ ሳለ ለሳምንታት መንዳት የፓምፑን ዕድሜ በሙቀት ያሳጥረዋል። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ደግሞ ውኃ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ከተሞላ በኋላ ወዲያው የተጀመረ ሕመም ከሆነ ጥርጣሬዎን ለመካኒኩ ይንገሩ። የነዳጅ መለኪያውም አይታመን፤ ተጣብቆ ሩብ ታንከር እያሳየ ባዶ የሆነ መኪና አጋጥሞኛል። በአቀበት ላይ የቆመ መኪናም ያለችው ጥቂት ቤንዚን ወደ አንድ ጥግ ተንሸራታ ፓምፑ ሊያጣት ይችላል።

የቤንዚን ሽታ ከሸተተ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቤንዚኑ በዝቶ ካንዴላው ረጥቧል። በኢንጀክተር መኪና ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠው ይዘው ያዙሩት፤ በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ ይህን ሲያይ ቤንዚን መርጨቱን ያቆምና ሞተሩ እንዲደርቅ ያደርጋል። ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል ካርቡሬተር የሚሠሩት ሽማግሌዎች፣ ቮልስዋገኖቹና ላዳዎቹ፣ የአዲስ አበባ ከፍታም ይፈትናቸዋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። በተቃራኒው ወደ አዋሽ ሙቀት ሲወርዱ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ሳለ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሞተሩ ከቆመ በኋላ አልነሳ ይላል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ጥላ ሥር ማረፍ ነው መድኃኒቱ።

ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚጠፋና ሲበርድ ተመልሶ የሚነሳ መኪና ከሆነ የክራንክ ሴንሰሩን እጠራጠራለሁ። ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እርሱ ነው፤ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ እሳትም ቤንዚንም አያዝም። ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያዎች ሰሌዳ) ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ሥዕል ያለበት መብራት እየበራ ከጠፋ ደግሞ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሌላ ቺፕ ያለው ቁልፍ በዚያው ቀለበት ላይ ካለ ይለዩትና ይሞክሩ፣ መጠባበቂያ ቁልፉንም እንዲሁ።

አንድ ድምፅ ግን ከሁሉ ተለይቶ ይታወቅ። ጤነኛ ሞተር ሲዞር ምት አለው፤ «ኡ-ኡ-ኡ-ኡ» እያለ ሲታመቅ ይከብዳል፣ ሲለቅ ይቀላል። ምቱ ጠፍቶ ሞተሩ «ዊይይይ» እያለ ከተለመደው በላይ በቅልጥፍና ከዞረ የታይሚንግ ቺንጋው (የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ያቁሙ። በብዙ ሞተሮች ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቮቹ ይጋጫሉ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ የተረፈውን ይሰብራል።

ናፍታ ካንዴላ አይጠቀምም፤ አየሩ እጅግ ሲታመቅ በሚፈጥረው ሙቀት ነው የሚነደው። ማለዳ ላይ ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ጥምዝምዝ ምልክት እስክትጠፋ ይጠብቁ፤ ማሞቂያው እየሠራ ነው። ናፍታው አልቆ የቆመ ከሆነ ሞልተው ቢሞክሩም ላይነሳ ይችላል፤ አየር ገብቶበታልና በፊልትሮው ላይ ባለችው የእጅ ፓምፕ አየሩ መውጣት አለበት።

በክረምት ጎርፍ ውስጥ አልፎ የቆመ መኪና ደግሞ ሌላ ነው። እባክዎ እንዲነሳ አይሞክሩ። አየር ይታመቃል፣ ውኃ ግን አይታመቅም፤ ውኃ የገባበት ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ሲወጣ የሚታጠፈው ብረቱ ነው። ካንዴላዎቹ ተፈትተው ውኃው እስኪወጣ ቁልፉን መንካት አይገባም። ካንዴላ በማጽዳት ያበቃ የነበረው ጉዳይ ሞተር ወደ መግዛት የሚሄደው በዚያች አንድ ሙከራ ነው።

ሁለት ልማዶች ሰው ስለሚጎዱ ሳልናገር አላልፍም። አንዱ በሞተሩ አየር መሳቢያ ውስጥ በቆርኪ ቤንዚን አፍስሶ ማስነሳት ነው፤ እሳቱ ተመልሶ ሲወጣ የሚያገኘው ጎንበስ ያለ ፊትን ነው። ሁለተኛው ከመኪናው ሥር ገብቶ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት። ማርሽ ገብቶ ከሆነ መኪናው ይነቃነቃል፤ ከሥሩ ያለ ሰው አለ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመንገዱ በዝተዋል። ሞተሪኖም ካንዴላም የላቸውም፤ የ12 ቮልት ባትሪ ግን በአብዛኞቹ አለ። ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅስና ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚያበራ እርሱ ነው። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ትንሹ ባዶ ከሆነ መኪናው አይነሳም። ያችን ትንሽ ባትሪ በቴስተር መለካት ይቻላል፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ግን አይንኩ፤ በውስጣቸው ያለው ብዙ መቶ ቮልት ነው።

ባለፈው ግንቦት እትዬ ደወሉልኝ። ከገበያ ሲመለሱ ቪትዟ መንገድ ዳር ቆማባቸዋለች። «ልጄ፣ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፤ አይነሳም። ቤንዚን ትናንት ነው የሞላሁት። ቁልፉን ከፍቼ አዳመጥኩ፣ ከኋላ ያ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ የለም» አሉኝ። ሞተሪኖዬንም ባትሪዬንም ትቼ፣ ቴስተሬን፣ አንድ ፊውዝና አንድ ሪሌ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። የተቃጠለው ፊውዝ ነበር፤ ያቃጠለው ደግሞ ከኋላ ወንበሩ ሥር ሽፋኑ ተልጦ ከብረቱ ጋር የተነካካ ሽቦ። ሽቦውን ጠቅልለን፣ ፊውዙን ቀይረን ቁልፉን ሲያዞሩ ሁለታችንም መጀመሪያ የጠበቅነው ያንን «ዝዝዝ» ነበር፤ ተሰማ።